ያድናል

ዓፉላ፣ ሐኪም ቤት፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
በመስኮቱ ቁልቁል ሸለቆው ሲታይ፣
ወደ ሃይፋ የሚሄደው ባቡር ሲያፏጭ በሩቁ፣
አቶ አድምጥ ተኝተዋል፣ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ደረቴ ላይ ስሜ በሁለት ፊደል ተጽፏል፣
አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ ይነሣና መሀል ላይ ይጋጫል።

ልጃቸው ሲጋሊት፣ በፊት ስንዱ የነበረች፣
ኮሪደር ላይ አስቁማ እጄን ጨበጠች፤
“ካንሰር የሚል ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ።
ያባቴን ቅስም ሰብሮ ምን ሊያመጣ?
መርዶ እንኳ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው፤
ለሰውየው የገዛ መርዶውን ማን ነው የሚያረዳው?”

ዶክተር ናዲም ደግሞ ውጤቱን አንብቦ፣
መነጽሩን አውልቆ፣ ድምፁን አለዝቦ፣
“ሕጉ ግልጽ ነው” አለኝ፣ “ገላው የሳቸው፤
ምን እንደሚፈርሙ ይወቁት ራሳቸው።”

ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ እማራለሁ።
ኮርሱ ሥነ ምግባር ነው፤ ሰማንያ ሁለት አምጥቻለሁ።
መምህራችን ሐዲድ ትሥላለች፤ ባንዱ አምስት ሰው፣ በሌላው አንድ ሰው፣
“መዘውሩ እጅሽ ላይ ቢሆን ማንን ታተርፊያለሽ?” ጥያቄዋ ይኸው ነው።
ክፍሉ ይንጫጫል። እኔ ዝም እላለሁ።
የኔ መዘውር ከምላሴ ሥር ነው፤ በየቀኑ እነካዋለሁ።

በሩ ላይ ስደርስ የግዴታው ሊቅ መጣ፣ ቀጥ ያለ፣ ሰዓት አክባሪ፣
“ሁሉም ለርኅራኄ ቢዋሽ” ይላል፣ “ማን ሊታመን ነው ተናጋሪ?
ሽማግሌውን እንደ ሕፃን አትያዢ፤ ሰው ናቸው፣ እውነቱን ይቻሉት።”
እሺ ጌታዬ። ግን ያን ዓይን እኔ ነኝ የማየው፣ እርስዎ አላዩት።

ሁለተኛው መዝገብ ገልጦ፣ እንባን በኪሎ እየመዘነ፣
“ሦስት ወር ነው የቀረ፤ በሳቅ ቢያልፍ ማን ተጎዳ? ማን አዘነ?”
ይደምራል፣ ይቀንሳል። አንድ ነገር ብቻ አልገባው፤
ከወንድማቸው ከተኳረፉ ሃያ ዓመት ነው፤ ያን ዕርቅ በየት ዓምድ ያስገባው?

ሦስተኛው ስለ ድርጊቱ አይጠይቅም፤ “ምን ዓይነት ሰው ነሽ?” ይላል፣
“ደግ ሰው ጊዜውን ያውቃል፣ መጠኑን ያውቃል።”
ይህን እወደዋለሁ። ግን ዶክተሩ ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው ያለው፤
መጠኑን እስክማር ድረስ ሌላ ታካሚ በር ላይ ነው።

ገባን። አቶ አድምጥ ቀና አሉ። የመድኃኒቱ ቅጽ ቀረበ።
“ልጄ” አሉኝ፣ “ይህ ነገር ያድናል?” ክፍሉ ጠበበ።

አንድ ቃል፣ አራት ፊደል። ሁሉም በ“ድ” ላይ ተንጠለጠለ።
“ድ”ን ባላላት፣ ዳነ ሰውዬው፤ ተፈወሰ፣ ቀለለ።
ባጠብቃት፣ አዳኝ ነው፤ ዱካ ይከተላል፣ አይስትም፣
ቀስ ብሎ ይመጣል እንጂ ያየውን አይተውም።
መምህሬ ይህን በሰሌዳ አልጻፈችም፤ በዕብራይስጥ አይገኝም።

“ያድናል” አልኩ። እንዴት አልኩት? እንጃ። ወረቀት ላይ አይለይ፤
አጥብቃችሁ ወይ አላልታችሁ፣ አንብባችሁ ፍረዱ በኔ ላይ።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። በጉብዝናቸው ጃርት አዳኝ ነበሩ፤ በኋላ ሃያ ዓመት
እዚሁ ዓፉላ ሱፍ ቆልተዋል፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከእሳት ፊት።
“በሽታው ነው የሚያድነው ወይስ መድኃኒቱ?” አሉ ዝግ ብለው፤
እስክሪብቶውን ተቀበሉኝ፣ ፈረሙ፣ ስማቸውን ጠምዘዝ አድርገው።

ዶክተሩ “ምን አሉ?” አለ። “ገብቷቸዋል” አልኩት።
እውነት ነበር። ምን እንደገባቸው አልጠየቀኝም፤ አልነገርኩት።

ልወጣ ስል እጄን ያዙኝ፤ ያው የልጃቸው አያያዝ፣ ያው ጣት።
“ማወቄን ስንዱ እንዳትሰማ፤ ሆደ ባሻ ናት። አደራ፣ እዘኚላት።”

ውጭ ቆማለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ በጎኗ፣
የተቆላ ሱፍ በፌስታል ይዛ፣ “ነገርሽው?” ትላለች በዓይኗ።
ሦስቱ ሊቃውንት ዘወር አሉ፤ አንዱ ሰዓቱን ያያል፣
አንዱ ይደምራል፣ ሦስተኛው ፊቴን ያጠናል።

ባቡሩ ከሸለቆው አፏጨ።

“አይዞሽ” አልኳት። “ያድናል።”