ፌዝ

ሳይንስ ፋኩልቲ ምድር ቤት፣ አራት ኪሎ፣
መስኮቱ ጫማ ብቻ ያሳያል፣ ሰውየውን ከላይ ጥሎ።
እኔ መብራት ሠሪ፣ ትርሲት ተመራማሪ፣
አመሸን አንዲት ቅንጣት ይዘን፣ ተሽከርካሪ።

እኔስ አላየኋትም። «ጋሽ ዋሲሁን» አለች፣ «አንድ ፀጉር ንቀልና
ለሺህ ሰንጥቀው። ከሺሁ አንዷ እሷን ታክላለች በቁመና።
ማግኔት ናት። ጅረት ሲነካት እንደ እንዝርት ትሾራለች፣
በሰከንድ ስምንት ቢሊዮን፤ ግን ሙቀት ሲጎሽማት ትስታለች፣
ትፈጥናለች፣ ትዘገያለች፣
ቁጥሯ ይጠፋባታል፤ እንደገና ከአንድ ትላለች።»

ስክሪኑ ላይ ድምጿ ጉብታ ነው፣ ወገቡ የሰፋ፣
ጫፉ የቱ ጋ እንደሆነ የጠፋ።

«ከውጭ እንጥራት» ብላ ማይክሮዌቩን ለቀቀች፣ በሹክሹክታ።
«ጨምሪው እንጂ!» ብላት፣ «ብጮኽባት ትቃጠላለች በአንድ አፍታ።
ጥሪው ከራሷ ምት አጠገብ መቆም አለበት፤
ከራቀ፣ ማን ሰምቶት።»

ከመስኮቱ በላይ ወያላው «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ።
የመገናኛው ሂያጅ ዞሮም አያየው፤
ልቡ ወደ ፒያሳ ያዘነበለው ነው የሚሳበው።

ሰባት ነጥብ ዘጠኝ፦ የለችም።
ስምንት፦ ተጠጋች፤ ያዝናት ስንል
አንድ ዙር ሾልካ አመለጠች፣ እንደ ሳሙና ከእጅ፤
ደግማ ተጠጋች፣ ደግማ…
መብራት ሄደ።

ጄኔሬተሩን አስነሳሁት፣ እየሰደብኩ፣ እየለመንኩ፤
ሰዓቱም ስምንት ነበር፣ የሌሊቱ፤ ከዚያ ወዲህ አልቆጠርኩ።
አንድ ጊዜ ቀና ስል ጉብታው የለም፤ መርፌ ቆሟል፣
ቀጥ ብሎ፣ ስክሪኑን ወግቶ። የትርሲት እጅ አፏ ላይ ሆኗል።

«ከጥሪው ጋር አንድ ሆነች?»
«አንድ አይደሉም። ምታቸው እኩል ነው፤ ፌዛቸው ይለያያል፤
ልዩነቱ ግን አይነቃነቅም። መያዝ እሱ ይባላል።»

ፌዝ!
ሠላሳ ዓመት ስሪ ፌዝ ዘርግቻለሁ፣ ቆጣሪ ገጥሜያለሁ፤
ቤቴ ገብቼ ግን «አንድ ካልሆንን» እያልኩ አልጋነሽን አድክሜያለሁ።
እሷ ቀደም ትላለች፣ እኔ እጎትታታለሁ።
ለካስ ክፍተቱን ማርጋት ነበር እንጂ…
ነፍሷን ይማር፤ ፌዙስ እኔው ነኝ።

ሊነጋ ሲል ወጣን፣ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ።
የሷ እርምጃ ፈጣን፣ የኔ ጉልበት የዛገ ማጠፊያ፤
ጥቂት ተምታታን።
ከድልድዩ ወዲያ ግን፣ አዛዥ ሳይኖር፣ ጫማችን ገጠመ፣
እሷ ግማሽ እርምጃ ቀደም፣
እኔ ግማሽ እርምጃ ኋላ፣
ዳገቱን እስከ ፒያሳ።