የጸደቀ

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ የተባለ እጽፋለሁ፣
ማን እንዳዛጋ ግን ለራሴ አኖራለሁ።

ሰኔ ሃያ ሁለት። መሐል ሜዳ ጉም ናት፣
ጋቢ ያልደረበ እንደራሴ የላት።
ሦስተኛው አጀንዳ፦ የአካባቢ ጥበቃ፣
ከሻይ ዕረፍት በፊት ቶሎ የሚያበቃ።

አፈ ጉባኤው አቶ ኃይለየሱስ አነበቡ፦
«ካቻምና አሥር ሺህ፣ አምና አሥራ አንድ፣
ዘንድሮ አሥራ አምስት ሺህ፤ ኮሶ፣ ወይራ፣ ጽድ።»
ዞን የላከው ቅጽ ላይ አንድ ባዶ ሣጥን አለ፣
«የተተከለ» ይላል፤ «የጸደቀ» አላለ።

ኮፍያ ታዘዘ፣ ካናቴራም አብሮ፣
መፈክሩ የአምናው፣ ቀለሙ የዘንድሮ።
«የጉድጓድ ወጪስ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤
«የአምናው ይበቃል» ተባለ፣ «ባዶ ስለሆነ ነው።»

ማንም አልሳቀም። እኔም ጻፍኩት።

ያኔ ወይዘሮ አትጠገብ ተነሡ ከጥጉ ወንበር፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል ያልወጣቸው ነበር።
ሱፍ ፈትለው ነው የሚያድሩ። ከጋቢያቸው ሥር
መዘው ጠረጴዛው ላይ ጣሉ አንድ ጥቁር ክር።

«ሰባት ማለዳ ወጣሁ፣ ጋራውን ዞሬ ዞሬ፣
ነፍስ ላለው ለአንዱ አንድ ቋጠሮ አስሬ።
አርባ አንድ ነው። ቁጠሩ።
አርባ ሁለተኛው ከነላስቲኩ ተቀብሮ፣
ሥሩ ክብ ሠርቶ ሞቷል፣ በራሱ ዙሪያ ዞሮ።
የተጣለውማ ላስቲክ፣ ያ ሁሉ ጥቁር፣
ነፋስ እያዳፋው ከጋራው እስከ አጥር፣
የጎረቤቴ ሙክት ሲታረድ በፋሲካ፣
ከሆዱ የወጣው የኛው ዘመቻ ነው ለካ!»

የጣራው ቆርቆሮ በነፋስ ተንኳኳ።
አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ታዲያ ለዞን ምን እንበል? ቅጹ በምን ይሞላ?»
«አንተክልም እንበል ዘንድሮ፤
እናጥር፣ እንኮትኩት፤ ሌላው በኋላ።»

ክርክሩ ረዘመ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣
አንዱ በጀት አለ፣ አንዱ ስልክ ያዘ።
በመጨረሻ እጅ ተቆጠረ፤ ስምንት ለሰባት፣
የካናቴራው ብር ዞረ፣ ለአጥርና ለበጋው ጥማት።

«ዕቅዱ ጸደቀ» እያልኩ ሃያ ዓመት ጻፍኩ፤
ቃሉ ሥር እንዳለው ግን ያን ቀን ጠረጠርኩ።
ክሩንም ከፋይሉ ጋር በስፒል አያያዝኩት፣
«አባሪ፦ አንድ ክር» ብዬም መዘገብኩት።

በነሐሴ ከዞን ደብዳቤ ደረሰ፣
«ዜሮዎች ጎድለዋል፤ ታርሞ ይላክ» እያለ ወቀሰ።

አላረምኩም።

ባለፈው እሑድ ወጣሁ፣ በዚያው በጋራው በኩል፤
ሠላሳ ዘጠኝ ቆጠርኩ።
ሁለቱን ምናልባት ጉም ከልሎብኝ ይሆናል።