ነጥብ የሌላት ፊደል

ሪዜ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም፣
ከሻዩ ተራራ መብራት አያበራም፤
ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ጀልባውን አስሮ፣
ስልኩን ይጠይቃል አንገቱን አቀርቅሮ፤
«ባሕሩ እንዴት ነው? ማዕበሉ ያልፋል?»
ለአንዱ መልስ ይመጣል፣ ለሌላው ይጠፋል፤
«እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ይጽፋል።

እሽል ተጠራች፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ጫማዋን ሳታስር፣ ሳትቀምስ እራት።
ከማኅበሩ ምድር ቤት፣ ከዓሣ ሣጥን ጋራ፣
ያንኮራፋል ሰርቨሩ ተሸፍኖ አቧራ።
ሩክነቲን ዘበኛው ሻይ ቀዳላት ዝም ብሎ፤
«ሐሙስ ነው የመጣው፣ አሮጌው ተነቅሎ፤
ያኛው ደኅና ነበር» አለ ቆየት ብሎ።

ስም እንዴት ይነበባል? ለማያውቅ ልንገር።
በገመድ ሲመጣ በነጥብ አልተከፈለም፤
ቁጥር ነው የሚቀድመው፦ «አምስት ፊደል ይከተላል።»
አምስቱን ትቆጥራለህ። ደግሞ ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ፊደላት።
ከስድሳ ሦስት የረዘመ ቁራጭ ከደጅ ይመለሳል።
መጨረሻ ላይ ዜሮ፦
ሥሩ ጋ ደረስክ፣ ከዚህ ወዲያ ወላጅ የለም።
ልጅ ቀድሞ፣ አባት ተከትሎ፣ አያት ከኋላ፣
ልክ እኛ ሰው ስንጠራ እንደምንጠራው።

ቀጥሎ ማስተካከል ነው። ትልቁ ፊደል ትንሽ ይሆናል፣
ጠያቂ ሁሉ እንዳሻው ይጽፋልና።
እንዲያውም አንዳንዱ፣ አስመሳይ እንዳያታልለው፣
ፊደሉን ሆን ብሎ ያዘበራርቃል፣
አንዱን ትልቅ፣ አንዱን ትንሽ፣ በዕጣ፤
መልሱ ያንኑ መልክ ይዞ ካልመጣ አያምንም።

እኛ ትልቅና ትንሽ የለንም።
የኛ ጣጣ ሀሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ፤
ሦስት በር፣ አንድ ድምፅ፤
ፈላጊው በአንዱ ሲያንኳኳ
የተፈለገው በሌላው ተቀምጦ ያረጃል።

እሽል መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበበች።
የሚወድቀው ስም አንድ ነው፦ «ዴኒዝ»፤
ባሕር ማለት ነው በአገሩ ቋንቋ።
ሁልጊዜ ግን አይወድቅም። ግማሹን ጊዜ።
አራተኛዋን ፊደል ዕጣው ትልቅ ሲያደርጋት ብቻ።

ቱርኮች ሁለት አሏቸው፦
ነጥብ ያላት፣ እኛ በሣልስ የምንላት፤
ነጥብ የሌላት፣ እኛ በሳድስ የምንላት።
ትልቋ ነጥብ ሳትይዝ ከመጣች
ልጇም ያለ ነጥብ ትወለዳለች።
ሕጉ ለመማሪያ መጽሐፍ ልክ ነው።
ለመረቡ ግን «ዴኒዝ» «ዴንዝ» ሆነ፤
«ዴንዝ» የሚባል ባሕር ደግሞ የለም።

አዲሱ ማሽን ሐሙስ ዕለት «ቋንቋህ?» ሲባል
«ቱርክኛ» ብሎ ነበር።
አልዋሸም፤ ጥፋቱም ይኸው ነው።

ፈገግ አለች፣ ግን ደስ ብሏት አይደለም።
የዛሬ አራት ዓመት ፍራንክፈርት፣ በር ሃያ ሁለት፣
«ኢሲል፣ ኢሲል» እያለ ማይክሮፎኑ ሲጮኽ
እሷ ቁጭ ብላ
እሽል እስክትባል ጠበቀች።
አውሮፕላኑ አልጠበቀም።

አንድ መስመር ለወጠች፦
«ለስም ስትመጣ የማንንም ቋንቋ አትናገር፤
ሃያ ስድስቱን ብቻ ዕወቅ።»
ጣቷ ለአፍታ ቆመ፤
ከማሽኑ አፍ የምትነቅላት ፊደል
የራሷ ስም መነሻ ናት።
ነቀለቻት።

ሊነጋጋ ሲል፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
«ዴኒዝ» መልስ ሰጠ በየስልኩ ተራ፦
ማዕበል አለ፤ እስከ ቀትር አትውጡ።
ሩክነቲን ሳቀ፦ «ለዚህ ነው ሌሊቱን ሙሉ?
መስኮቱን ከፍቼ በነገርኳቸው!»

ከመሄዷ በፊት፣ ከለወጠችው መስመር በላይ፣
ለሚመጣው ሰው ማስታወሻ ጻፈች፦
ምን እንደ ሆነ፣ ለምን፣ በስንት ሰዓት።
ከሥሩም ስሟን፣
ነጥብ ሳታስቀምጥ።
ማስታወሻ ማሽኑ አያነብም።