ወረፋ

አንድ ሳሎን ነው፣ በጣውላ ለአራት የተከፈለ፣
የአንዱን ሳል የሌላው ትራስ እየተቀበለ
የሚያድርበት፤ ሻርጃ፣ ሮላ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ።
ሰው አሥራ አንድ፣ ሽንት ቤት አንድ። ጠዋት በሩ ላይ
ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ የቆመ አይጠፋም።
የሚያንኳኳው ሰው ክፉ አይደለም፤
የኩባንያው አውቶቡስ ግን ማንንም አይጠብቅም።

ልጄ ሩመይሳ ያን ማንኳኳት ፈራች፤
አራት ዓመት ተኩሏ ነው፣ መያዝን ተማረች።
አንድ ቀን ያዘች፣ ሁለት ቀን፣ አራት፤
አምስተኛው ቀን እንደ ድንጋይ ወጥቶ ቀደዳት።
ደሙን አየች። ከዚያ ወዲያ ማን ያሳምናት?

በጣቷ ጫፍ ቆማ፣ እግሯን አጣምራ፣
ከመጋረጃው ኋላ በላብ ተነክራ፣
«ምንም አልሆንኩ አባ፣ እየተጫወትኩ ነው» ትላለች።
እያየኋት ትዋሻለች።

እናቴ ከከሚሴ በስልክ «ተልባ በጥብጠህ አጠጣት» ትላለች፤
አክስቴ ከጀርባ «ዓይን ነው፣ ዓይን!» እያለች ታቋርጣለች።
ካርዱ እስኪያልቅ «እሺ» አልኳቸው፤
ደሙን ግን አልነገርኳቸው።

ፋርማሲስቱ ሱኒል የኬረላ ሰው ነው፤
የሐኪሟን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው።
ዐረብኛችን የሁለታችንም ሰባራ ነውና በእጁ አስረዳኝ፦
ጡጫውን ጨብጦ «ይሄ አንጀቷ» አለኝ፤
ቀስ ብሎ ጣቶቹን ፈታ፤ «ይሄ መድኃኒቷ።
አንዴ ወጣልኝ ብትል አታቁም፤ ወራት ይፈልጋል አንጀቷ
እስኪያምን። ደግሞ እንዳትቆጣት።»

እኔ ግን ተቆጣኋት።

በማንጎ ጭማቂ ሸሸግኩት፣ ደረሰችበት፤
እርጎ ውስጥ ደበቅኩት፣ እርጎንም ጠላች ከዚያ ዕለት።
አንድ ማታ ጉንጯን ይዤ አፏን በግድ ከፈትኩ፤
ሸሚዜ ላይ ተፋችው። እጄን አየሁት፣ ደነገጥኩ።
ዘምዘም ከሆስፒታሉ ጽዳት በሌሊት ተመልሳ
ሸሚዙን አሸተተች፤ ባልዲ ውስጥ ነከረችው፣ ምንም ቃል ሳታነሳ።

ሆድ ይፍጀው ይባላል እኛ ዘንድ፤ ያደግኩት በዚህ ቃል ነው።
ደመወዝ ካየሁ ሦስት ወሬ ነው፤
ለዘምዘም አልነገርኳትም።
ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም።

በማግስቱ ማንኪያውን ለልጄ ሰጠኋት።
«ይሄ መድኃኒት ነው፣ ጭማቂ አይደለም» አልኳት።
«ይጣፍጣል?»
«ይጣፍጣል፤ ግን አይጥምም። ምላስ ላይ ይጣበቃል።»
መስመሩ ድረስ ራሷ ቀዳች፣
እንደ ዘይት ነጋዴ ዓይኗን አጥብባ ለካች፣
አፍንጫዋን ይዛ ጨለጠች።
«ነገስ?»
«ነገም።»
«የዒድ ቀንስ?»
«የዒድም።»

ከዚያ በየጣውላው ዞርኩ፣ ዕፍረት ላብ እያሰመጠኝ፤
«ከራት በኋላ ሃያ ደቂቃ፣ ሽንት ቤቱን ለልጄ ስጡኝ።»
ሮዴል፣ ፊሊፒኖው፣ የቀለም ባልዲ ገልብጦ አመጣ፣
እግሯ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ መርገጫ እንዳታጣ።
ጉል ዛማን፣ የፔሻዋሩ ሹፌር፣ ነጠላ ጫማውን
በሩ ፊት አስቀምጦ ዘበኛ ሆነ፤ መለሰ የመጣውን።
ሚስቱ የላከችለትን ቴምርም ሰጣት፣ ፍሬውን አውጥቶ፤
ስለ ልጆቹ ምንም አላወራም፤ ቆመ፣ በሩን አይቶ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንዳንድ ማታ ይሳካል፤
አንዳንድ ማታ ከውስጥ የፊደል መዝሙሯ ብቻ ይሰማል፣
«ሀ ሁ» ብላ ጀምራ «መ» ላይ ስትደርስ ይጠፋታል።
«አባ፣ አለህ?»
«አለሁ።»
«ማነው የቆመው?»
«ማንም። እኔ ነኝ ያለሁ።»

ዛሬ ዘምዘም ቀድማ ገባች፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ፤
ከኋላዬ ተሰለፈች፣ እንደ ማንኛውም ሰው ተራ ስትጠብቅ።
የበረኪናው ሽታ እጇ ላይ ነበር። ደቂቃው ረዘመ።
ለበሩ የምነግር ይመስል፣ ዓይኔ ጣውላው ላይ ቆመ፤
«ደመወዙ...» አልኩ።
«አውቃለሁ» አለች። «ሦስተኛ ወሩ ነው፣ ወይስ አራተኛ?»
«ሦስተኛ። ልነግርሽ ነበር፣ ግን...»

ከውስጥ የባልዲው ቂጥ ተንቋቋ፤
«ዝም በሉ!» አለች ሩመይሳ፣
«እየመጣ ነው!»