የደረት ጨርቅ

አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ፣ ደረት የሌለው ልብስ፤
ጀርባና እጅጌ ብቻ፣ ለትግል የሚለበስ።
ዞዶግ ይሉታል እዚህ፣ በኡላንባታር ምድር፤
ከኋላው ገመድ አለው፣ ሆድ ላይ የሚቋጠር።

እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል፦ «ደረቱስ የት ሄደ?»
ተረቱን እነግራለሁ፣ ከአባቴ እንደወረደ፦
ድሮ አንዲት ሴት ነበረች፣ የወንድ ስም ይዛ የመጣች፣
ያገሩን ጎበዝ በሙሉ በየተራ አፈር ያስጋጠች።
አሸንፋ ስትጨፍር፣ እንደ ንስር ክንፏን ዘርግታ፣
ልብሷ ከፊት ተከፈተ፤
ዝም አለ የሜዳው ጫጫታ።
ሴት እንዳትገባ ተብሎ የፊቱ ጨርቅ ተቀደደ፤
ከዚያን ቀን ወዲህ፣ እነሆ፣ የወንዱ ደረት በረደ።

እዚህ ላይ እስቃለሁ። ደንበኛውም ይስቃል።
ቱግሪኩ ይቆጠራል፣ ጨው ያለው ሻይ ይቀዳል።

ዘንድሮ ሳቁ ጠፋ።
ሻራቭ፣ «አንበሳ» የሚሉት፣
ፎቶው በወተት ካርቶን፣ በባንክ በር፣ በአውቶቡስ ጎን ያለው፣
ሴት ልጁ «እታገላለሁ» አለች፣
ከወንዶቹ ጋር፣ በአንድ ሜዳ።
ከዚያ ወዲያ ከተማው አላንቀላፋም።
«ባህል ነው!» ይላል ሾፌሩ።
«ባህልማ እሷ ነበረች!» ትላለች ከኋላ ወንበር ተማሪዋ።
አንዱ «ወንድ ማለት ምንድነው?» አንዷ «ሞንጎሊያዊስ ማነው?»
ሁሉም ግን ዞሮ ዞሮ፦
«ሻራቭ ይናገር! እንጀራው ከኛ ጭብጨባ ነው፤
ልጃችንን በስሙ ጠርተን፣ ዝምታው ለኛ ዕዳ ነው።»
ሻራቭ ዝም።
ወተቱ ካርቶን ላይ ፈገግ እንዳለ፣ ዝም።

እኔ ግን ዝም አላልኩም።
አንድ የሬዲዮ ልጅ መጥቶ ማይኩን አፌ ሥር ደቀነ፤
«አባባ፣ እርስዎ የባህል አባት» ሲለኝ
ልቤ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፦
«ደረት ያለው ዞዶግ ከምሰፋ መርፌዬን ብሰብር ይሻለኛል።»
ከአፍ የወጣ አፋፍ።
በሳምንቱ ቃሌ ቲሸርት ላይ ታትሞ ገበያ ወጣ
(ቲሸርቱን የሰፋሁት እኔ አይደለሁም፤ ስፌቱም ጠማማ ነው)።
ጎረምሶች በሬ ላይ ተሰልፈው ከኔ ጋር ፎቶ ተነሡ።
እውነቱን ልናገር? ደስ ብሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ማታ መዝጊያውን ላወርድ ስል
በሩ በትከሻ ጨለመ።
ሻራቭ ነው። ከኋላው ኦዩንገረል፣
ጆሮዋ እንደ አባቷ በትግል የተቀጠቀጠ።
«አንድ ዞዶግ» አለኝ።
«ደረት ያለው። መዝገቡ ላይ ስም አይጻፍ።»
ያ ተራራ የሚያህል ሰው፣ ድምፁ የተበዳሪ ነበር።

ሜትሬን አነሣሁ። ክንዷን ዘረጋች።
ትከሻ አርባ ስምንት።
እጅጌ ስልሳ ሁለት።
ደረቷ ጋ ስደርስ፣ አርባ ዓመት ለክቼው የማላውቅ ቦታ ነውና፣
እጄ መንገድ ጠፋው።
አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም፦
«አባባ፣ መርፌው ደህና ነው?»

መልስ ፈለግሁ፣ ከጠመኔው ሣጥን ውስጥ።
ሻራቭ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩትን የራሱን ፎቶ ያያል፤
የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ደረቱ ባዶ፣ ዝናብ የሚወርድበት።
«ስሜን ጻፈው» አለች ልጅቷ።
«አይሆንም» አላለም አባቷ። «ይሁን»ም አላለም።
ጻፍኩት።
ሦስታችንም ቀለሙ እስኪደርቅ ቆምን።

ለበዓሉ አሥራ ስምንት ቀን ቀረ።
ቀይ ሐሩ አልበቃኝም፤
ስገዛ የኖርኩት ደረት ለሌለው ልብስ ነዋ።
ከሚስቴ ቁርጥራጭ ከረጢት ሰማያዊ አወጣሁና ቀጠልኩበት።
መጋጠሚያው ከሩቅ ይታያል።
ሬዲዮኑ ልጅ ደጋግሞ ይደውላል፣ «አቋምዎ?» ሊለኝ።
ስልኩ ይጩህ።
አፌ ውስጥ ስፒል ይዣለሁ።