የካርቶን መስኮት

ካሜራ አልሰጠኝም በመጀመሪያው ቀን።
የጫማ ካርቶን ላይ በምላጭ ቀደደ፣ መዳፍ የምታክል አራት ማዕዘን።
ሁለት ክር በቁመት፣ ሁለት ክር በአግድም
ወጠረና ሰጠኝ፤ «ያለዚህ አትሂድ፣ ያለዚህም አትቁም።»

ስሙ ዘርጋው ሆኖ
ትምህርቱ በሙሉ «ሰብስበው» ነው እንጂ ሌላ ቃል የለውም።
«ፒያሳ ሰፊ ናት፤ ሁሉን ልክተት ካልክ አንዱንም አትይዝም።
ዓይን ሆዳም ነው ልጄ፣ ያየውን ይጎርሳል፤
ካርቶኑ ግን ጾም ነው፤ መተው ያስተምራል።»

ከዚያ ቁልቁል ወረድን የቸርችልን መንገድ፣
ካርቶን ፊቴ ላይ ይዤ፣ ከሰው ስጋጭ ስንገዳገድ።
«ጤነኛ ነው?» አለች አንዲት ሎተሪ አዟሪ፤
ጋሽ ዘርጋው ሳቀና፣ «ተማሪ ነው፣ ተማሪ!»

«እየው መንገዱን፣» አለኝ፤ «ግራ ቀኝ ጠርዞቹ
ለገሃር ሊሳሳሙ ሲሮጡ፣ ጥንዶቹ።
ዓይን መንገደኛ ነው፤ መስመር ከሰጠኸው
ሳይሰለፍ፣ ሳይከፍል፣ ጣቢያው በር ላይ ነው።»

ፖስታ ቤቱ አጠገብ ሊስትሮው መርክነህ ብሩሽ ሲያመላልስ፣
መሃል ላይ ቸነከርኩት፣ እንደ ጉርድ ፎቶ፣ ቀበሌ እንደሚደርስ።
ካርቶኑን ገፋ አርጎ ጋሽ ዘርጋው ሲያሳርፈው፣
ክሮች የተሻገሩት የመርክነህ ዓይን ላይ ነው።
«ወዴት ነው የሚያየው?»
«ወደ ቀኝ።»
«እንግዲያው በቀኝ በኩል ቦታ ልቀቅለት፤
የሚያይ ሰው አፍንጫን በግንብ አትድፈንበት።
ደግሞ እየው ከኋላው፤ የመብራት ምሰሶ ካናቱ በቅሏል፤
ቀንድ ያወጣ ሊስትሮ የት አገር ይገኛል?
አንድ እርምጃ ወደ ግራ። ሌላ ምንም የለም።
ግማሹ ፎቶግራፍ እግር ነው፣ ዓይን አይደለም።»

ሦስት ወር በካርቶን። ሐምሌ አበሰበሰው፣ ክሩም ረገበልኝ።
በአራተኛው ወር ላይ፣ አሮጌ ካሜራ ካንገቴ አንጠልጥሎ፣ «በል ና፣ አንሳኝ» አለኝ።

የት? ፎቶ ቤቱ በነበረበት።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው «ቀና በል» ያለበት፣
ቆርቆሮ አጥር ብቻ፤ ካጥሩ ማዶ ጉድጓድ፣ ክሬን የቆመበት።

በሌለው ክር ለካሁ፤ ቦታ መረጥኩለት፣ በግራ፣ ወደ ጥጉ።
እሱ ዱካ አምጥቶ መሃል ላይ ተቀመጠ፣ ከነማዕረጉ።
«ጋሽ ዘርጋው፣ መሃል ላይ?»
«ዝም በል፣» አለኝ፣ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ።
«ያን ሁሉ ደንበኛ፣ ሙሽራ፣ ወታደር፣ ልጇን የታቀፈች፣ መሃል ነው ያነሳሁ፤
ሰው ብሩን ከፍሎ ጥግ አይቆምም ልጄ። እኔም ዛሬ እከፍላለሁ።»

እጆቹ ጉልበት ላይ፤ አገጩ ቀና፤ ፊቱ ሳያፍር፣ ሳይኮራ።
ወደ እኔ ነው የሚያይ። ወዴት ነው እንግዲህ ቦታ የምለቅለት?
ከኋላው ረጅሙ ክሬን ከነክንዱ ባናቱ በቅሎበት።

ሳልጫን ጣቴን አነሳሁ፤
አንድ እርምጃ ወደ ግራ።