አንቱ የተባልኩበት ማታ

ከመስታወቱ ወዲያ አስፋልቱ ይፋጃል፤
ጀምበር ከጠለቀች ሰዓት አልፎ ሄዷል፣
የድሬ ሙቀት ግን ቁጭ ብሏል፣
እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ
በልቶ ጠጥቶ «ሂድ» የማይባል።

ከመስታወቱ ወዲህ እኔ ነኝ፤
ማቀዝቀዣው ያንገቴን ላብ ሳያደርቅ አጥንቴን አበረደኝ።
አራት ሶፋ፣ አንድ ፍሪጅ፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን፣
መቼ እንደተሠራ የማይታወቅ፣ ላስቲክ የለበሰ ሳንድዊች፤
በሩ ላይ «ለቢዝነስ ክላስ ብቻ» የሚል ወረቀት
አንድ ጥጉ ተልጦ
ሰው ባለፈ ቁጥር እጁን ያወዛውዛል፣
ና ይበል ሂድ ይበል አይለይም።

ትኬቱን የቆረጠው ፋብሪካው ነው።
ከዚህ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ጓንዡ፣
ማሽን ላይ፣ ላስነሳ፣ ልፈርም።
በራሴ ኪስ ቢሆንማ
ከጭራው ነበርኩ፣ ጉልበቴን ታቅፌ፣
ያገር ሰው ክርን ጎኔን እየወጋኝ።

አስተናጋጁ መጣ።
ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ክራባት፣ ጎንበስ፤
«ምን ልታዘዝ ጌታዬ?
በሾርባ ይጀምራሉ? ወይስ ቀዝቃዛ ያስቀድማሉ?»

ይጀምራሉ።
ያስቀድማሉ።
ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ፣
ሌላ ሽማግሌ ገብቶ እንደሁ።
በድሬ!
ሕፃን አያቱን «አንተ» በሚልበት፣
ሙሽራ አማቱን፣ ተማሪ መምህሩን፣
ዳኛው እንኳ ከችሎት ወጥቶ ባጃጅ ሲሳፈር
«አቦ ጠጋ በል አንተ!» በሚባልበት አገር!

ድምፁን አውቀዋለሁ።
ቀና ብዬ አየሁት፤
የግራ ቅንድቡ ላይ ያቺ ጠባሳ፣
የደቻቱ ድንጋይ፣ የኔ እጅ።
ቡሽራ።

በጋ ነበር፣ ወንዙ አሸዋ ብቻ፤
በጀርባችን ተኝተን፣ በመዳፋችን ፀሐይ ከልለን፣
የጅቡቲ አውሮፕላን ሆዱን እያሳየን ሲያልፍ፦
«አንተ ሽቦ፣ እዚያ ውስጥ ምን ይበላሉ?»
(ሽቦ እኔ ነበርኩ ያኔ፣ በቅጥነቴ፤
አሁን የሽቦ ጥቅልል ሆኛለሁ።)
«ሙሽበክ» አልኩት፣ ሌላ ምን አውቄ።
«እስኪጠግቡ?»
«ከጠገቡም በኋላ።»
ብዙ ዝም አለ።
ምራቁን ዋጥ አደረገና
«ውሸታም» አለኝ።

ሾርባው መጣ። ማንኪያው ከሾርባው ይከብዳል።
አንዴ ፉት ብዬ፣
«ቡሽራ» አልኩ በለሆሳስ፣ «አላወቅኸኝም?»
ናፕኪን እያጠፈ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፦
«ከበሩ ስትገባ ነው ያወቅሁህ፣ አንተ ሽቦ።
ጣራው ላይ ካሜራ አለ።
ሥልጠና ሰጥተውናል፣ ሦስት ቀን፣ ከነሰርተፊኬቱ፤
አንተ ያለ ከደሞዙ ይቆረጥበታል።»
ከዚያ ጮክ ብሎ፣
«ጨው ልጨምርልዎ፣ ጌታዬ?»

ሳቄ ከሾርባው ጋር ባፍንጫዬ ወጣ።

በረራው ተጠራ። ቦርሳዬን አንሥቶ ሸኘኝ፣
ካሜራው እስከማያይበት ጥግ።
እዚያ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ኪሴ ከተተ፤
«ከመጋላ የገዛሁት ነው፣ ለልጆቹ፤
ለነሱ ነገም አለ።
ሂድ አቦ! ምን እንደሚበሉ መጥተህ ትነግረኛለህ።»

ሌሊት። ከደመና በላይ።
ነጭ ጨርቅ ዘረጉልኝ፣ ሦስት ሹካ ደረደሩ፤
ስሙን ሁለቴ አንብቤ ያልገባኝን ዓሣ
ሳልነካው መለስኩት።
መብራት ሲጠፋ፣ እንደ ሌባ፣
ጋዜጣውን ፈታሁ፣ ቀስ፣ እንዳይንኮሻኮሽ፤
የተጠማዘዘ፣ የተጠላለፈ፣ ስኳሩ ጣት ላይ የሚቀር።
አንዱን በላሁ። ሁለተኛውን።
ጠገብኩ።
ከጠገብኩም በኋላ።

በማግስቱ ውሉን ስዘረጋ
ስሜ ከሚሰፍርበት መስመር ላይ
ቅባት። ክብ።
ሰውዬው በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ አደረገው፣
ምን እንደሆነ ሊጠይቅ።
አስተርጓሚዋ እኔን ታያለች፣
እኔ ቅባቱን።